ግራና ቀኝ አንጓ

ኦንዲና ሽቶውን እንደ ሐኪም ለካች፣
«አንዱን በግራ እጅሽ፣ አንዱን በቀኝ» አለች።
«ዛሬ አትወስኚ፤ ሂጂና እደሪበት፤
ሽቶ እንደ አማች ነው፣ እዪው ሲሰነብት።»

ሁለቱም አበባ፣ ሁለቱም ሚስክ ናቸው፣
ሁለቱም በከተማው ጠበኛ አላቸው።
የግራው ጃስሚን ነው፣ ሌሊት የተቀጠፈ፣
ከሥሩ አንድ አውሬ ፀጉሩን ያራገፈ።
የቀኙ ጽጌረዳ፣ ሳሙና ሳሙና፣
እንደ ታጠበ ልብስ፣ ያልደረቀም ገና።

ትሪየስተ ላይ ያን ቀን ቦራ ተነሥቷል፣
ባርኔጣ ሰብስቦ ወደ ባሕር ይነዳል።
አሮጊት ከምሰሶ፣ ምሰሶ ከአሮጊት
ተቃቅፈው ቆመዋል እስኪያልፍ ያ ግፊት።
እኔም እጆቼን በኪሶቼ ቀብሬ፣
ሁለት የተጣሉ እንግዶች አሳድሬ፣
አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

አጠገቤ ያለው ሰው አየኝ በጎሪጥ፣
ተነሥቶ ሄደ ሌላ ወንበር ሊያማርጥ።
(ይሄ የግራው ነው።)
ከኋላ አንዲት ልጅ፣ አፍንጫዋ ቀልቦ፣
«እማዬ፣ እዚህ ሕፃን አለ ወይ ታጥቦ?»
(ይሄ ደግሞ የቀኙ።)

ደረጃው ላይ ፉልቪያ፣ የባሌ ታላቅ እኅት፣
እሷ ያልፈቀደችው የማይገባ ከቤት፣
ግራዬን አሽትታ፦ «የፍየል በረት!
ያውም ትናንት ማታ ሠርግ ተደግሶበት።»
ቀኜን አሽትታ ትንሽ አሰበችና፦
«የጥርስ ሐኪም ቤት፣ ሰኞ ጧት ነው ገና።»

ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት
የወደብ ደረሰኝ ስተይብ ኖርሁበት፤
ቀለምና ካርቦን፣ እርጥብ ገመድ፣ ናፍጣ፣
ሽቶዬ ይኸው ነበር፣ ከሥራው ጋር የመጣ።
ጡረታ የወጣሁ ለት ለራሴ ምያለሁ፣
አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ መርጬ እገዛለሁ።
አንድ። ለሁለት የሚሆን ገንዘብ የለኝማ፤
ቢኖረኝስ? ሁለት ምርጫ አይሆንማ።

ሊቪዮ ባለቤቴ፣ ጎታች ጀልባ ነድቶ፣
ጉም ሲጥል ወደቡን በአፍንጫው አሽትቶ
ያገኘው ነበር ይሉታል። እውነት ነው።
ጋዝ ሲያፈስ ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ያውቃል፣
የነገውን ዝናብ ዛሬ ማታ ያሸታል፤
የሸሸግሁት ሲጋራ፣ ስንት ዓመት፣ ስንቴ!
ምንም ነገር የለም ያመለጠው እቤቴ።

ግራዬን ሰጠሁት። ራሱን ወደ ኋላ ሳበ፤
ሳቀ። ቆየና እንደገና ቀረበ።
«ጉድ ነው! አንድ የማውቃት ሴት ናት ይቺ» አለኝ፣
«ስሟ ጠፋብኝ እንጂ።» አልገረመኝም። ቆጨኝ።

ቀኜን ሰጠሁት።
ዝም።
መነጽሩን አወለቀ፣
አፍንጫውን ደም ሥሬ ላይ ጣለና ጠበቀ።
«የት ነው?»
«እዚያው ነው።»
«የለም እኮ፣ ኒቬስ። የለም ምንም ነገር።
እጅሽ ብቻ ነው ያለው፣ እንደ ድሮው፣ እንደ ነበር።»

ኦንዲና ነግራኛለች፤ አፍንጫም ይታወራል፣
ለአንድ ሚስክ ብቻ፤ ሌላውን ሁሉ ያያል።
መጀመሪያ ተናደድሁ። ሰማንያ ዩሮ ወጥቶ
ለሱ ባዶ ሊሆን፣ ለኔ ብቻ ሞልቶ?

እሱ ግን አልተወም።
እጄን ገልብጦ አየ፣ እስከ ክርኔ ወጣ፣
ጉሙን ሲጎረጉር፣ መብራቱን ሲያጣ፤
ከክርኔ ተመልሶ ወደ መዳፌ ወረደ፣
እንደዚያ እንደ ጉም ቀን፣ ሞተር አጥፍቶ፣ በዝግታ ሄደ።
ሾርባው ገነፈለ።
ፉልቪያ በር አንኳኳች፣ አልከፈትንም።
መስኮቱን ቦራ መታው፣ አልሰማንም።
«ቆይ እስቲ» ይላል፣ «ቆይ እስቲ፣ አንዴ ልሞክር።»
ይህን ያህል ረጅም ጊዜ እጄን ይዞት አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ኦንዲና፣ «እህስ፣ ማን አሸነፈ?» አለች።
«ቀኙ።»
«ባልሽ ወደደው?»
«አላገኘውም» አልኋት።
ጠርሙሱን በወረቀት ዝም ብላ ጠቀለለች።

የግራው ግን፣ ታጥቦም፣ ሰነበተ እስከ እሑድ፤
ያቺ ስሟ የጠፋው ሴት አልፈቀደችም ልትሄድ።
ጓንቴን ባወለቅሁ ቁጥር ብቅ ትላለች፤
እኔ አላውቃትም። እሷ ግን ታውቀኛለች።